ከቀለበቱ የተንጠለጠለ ክር

ጌጡ ሰው አያምንም። ሃያ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ እኔንም አያምነኝም። እሱ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው፤ እኔ ካሳሁን ደግሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የመጋዘኑን በር ቆልፌ ስወጣ ከኋላዬ መጥቶ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጎተት ጎተት ያደርገዋል። «ቆልፌዋለሁ እኮ» ስለው «አየሁ» ይላል፤ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ይጎትተዋል። አዲስ መምህር ሲመጣ መታወቂያውን አገላብጦ ያያል፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያያል፣ በማግስቱም ያንኑ መምህር እንደ አዲስ መታወቂያ ይጠይቀዋል። በዚህ ጠባዩ ስንቱ ተቀይሞታል። እኔ አልቀየመውም፤ ምክንያቱን አውቃለሁና።

ማሬ የምትባል የበኩር ልጅ ነበረችው። በ1998 ዓ.ም. አንዲት ሴት ደብረ ታቦር መጥታ ከቤቱ ገባች። ጨዋ ሴት ናት፤ ነጠላዋ የጸዳ፣ አነጋገሯ የለሰለሰ። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሥራ አለ አለች። ሁለት ጉርድ ፎቶ ጠየቀች። የሥራ ልብስ ይሰፋላታል ብላ ማሬን ደጃፉ ላይ አቁማ ከአንገቷ እስከ እግሯ በሜትር ለካቻት። የሜትሩን ጫፍ የያዘላት ራሱ ጌጡ ነው። ማሬ ባሕር ዳር አልቀረችም፤ ዓረብ አገር ተሻገረች አሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም። እናቷ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ቤቱ ውስጥ የቀረችው ታናሿ ዓይናለም ብቻ ሆነች።

ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ የ2006ን ክረምት እንድትረዱልኝ ነው። በዚያ ክረምት ጥፋት ያጠፋነው ሁለታችን ነን፤ ከሁለታችንም ይልቅ እኔ።

ዓይናለም ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ዘጠነኛን ጨርሳለች። የመጋዘኔን በር ጎንበስ ብላ ካልሆነ አትገባም። የሰፈሩ ልጆች «የመብራት እንጨት» እያሉ ስላበሸቋት ትከሻዋን አጥብባ፣ አንገቷን ሰብራ ነበር የምትሄደው። በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ሴንተር አድርገው አቆሟት፤ ሴንተር ማለት ከቀለበቱ ሥር የሚቆመው ረጅሙ ተጫዋች ነው። እሷም በእውነት ቆመች። ኳስ ሲመጣላት ታጎነብሳለች፣ የሌላው ቡድን ልጆች ከእጇ ይነጥቋታል፣ እሷም ይቅርታ ትጠይቃለች።

በሰኔ ሃና የምትባል ሴት መጣች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። በልጅነቷ ለክለብ ተጫውታለች፤ ጉልበቷ ተበላሽቶ ተወችው፤ አሁንም ስትሄድ ትንሽ ታነክሳለች። ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳ ሜዳውን ለክረምቱ ተቀበለች። ጌጡ በሩ ላይ አቆማት።

«ምን ታገኝበታለሽ?» አላት።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ መጫወት አልችልም። የማውቀው ነገር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ ይሻግታል። ልጅዎ ቁመቱ አላት፣ እግሯ ግን አልተማረም። ውድድር ሲጀመር ለማስተማር ጊዜ የለም፤ የሚሠራው አሁን ሁሉም ቤቱ ሲገባ ነው። ነሐሴ 28 ባሕር ዳር ላይ ለስፖርት ማሠልጠኛ ምርጫ አለ። ካለፈች እዚያ እየኖረች ትማራለች።»

ከቦርሳዋም ወላጅ የሚፈርምበት ፎርም አውጥታ ሰጠችው። ሁለት ጉርድ ፎቶም ያስፈልጋል አለችው። ጌጡ ፎርሙን አራት ቦታ አጥፎ ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ከተተና በሩን ከፈተላት።

ኋላ ወደ እኔ መጣ። «አበል ስጡኝ ብትል ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። «ምንም የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ። ይኸው እሷም ፎቶ አለች።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኩት። ማለት አልነበረብኝም።

ልምምዱን ግን አልከለከለም። ዓይናለም ለምናዋለች፤ ደግሞም ሜዳው ከዘበኛ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። «ከዓይኔ ሥር ትሁን፤ ከአጥሩ ውጪ ግን አንድ እርምጃ አትወጣም» አለ። ፎርሙን አልፈረመም። ሁላችንም የምናውቀው ይህን ነበር፦ ካልፈረመ ልጅቱ ባሕር ዳር አትሄድም።

ሐምሌ 5 ቅዳሜ ጀመሩ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል፤ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ውሃ ተኝቷል። ዓይናለም መጀመሪያ ውሃውን በመጥረጊያ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ይጀምራሉ። ሃና የራሷን ኳስ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። ከእኔ መጋዘን ኳስ አለመጠየቋ ራሱ አጠራጠረኝ፤ ብትጠይቀኝም አልሰጣትም ነበር። ኳሷን ደግሞ ከፌስታሉ አላወጣቻትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጅቱን ያለ ኳስ ታዞራት ነበር። መሬት ላይ ጠጠር ትደረድራለች፤ ዓይናለም አንዱን እግሯን ትተክላለች፣ በሌላው ትዞራለች፣ ወደ ኋላ ረገጥ አድርጋ ፊቷን ወደ ቀለበቱ ትመልሳለች። ግራ እግር ተክሎ ቀኝ፣ ቀኝ እግር ተክሎ ግራ። «የተከልሽው እግር ሥር ሰዷል፤ አይነሣም» ትላታለች። እኔ በመጋዘኔ መስኮት እያየሁ ኳስ የሌለበት የኳስ ልምምድ ምን ዓይነት ነው እላለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ኳሷ ወጣች። ገለባ የሞላ ማዳበሪያም መጣ፤ ሃና እሱን አቅፋ የልጅቱን ጀርባ በኃይል ትገፋለች። «ቦታሽን አትልቀቂ። ማን እንዳለ በጀርባሽ እወቂው» ትላለች። ዓይናለም ኳስ ስትይዝ እንደ ልማዷ ወደ ሆዷ ካወረደች ሃና ከሥር መታ አድርጋ ታስጥላታለች። «ኳሷ ከአገጭሽ በታች ከወረደች የአጭር ሰው ናት። ቀና በይ።» ቀና በይ የሚለውን በቀን መቶ ጊዜ ሳትል አትቀርም። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ከትንሽ ጣሳ የሆነ ነገር ታበላታለች። ወቅቱ ፍልሰታ ነው፤ የጾም ደንብ የማታውቅ ሴት ብትሆንስ ብዬ ጣሳውን ዞር ሲሉ ከፍቼ አየሁት። ገብስ ቆሎ ከለውዝ ጋር ነበር። ጥቂት ዘግኜ ከደንኩት።

ከዚያ የግራ እጅ ነገር መጣ። አንድ ቀን ጌጡ ፊቱ ጠቁሮ መጋዘኔ ገባ።

«ልጄ በግራ እጇ ውሃ አቀበለችኝ» አለኝ።

በእኛ አገር ለአባት በግራ እጅ ማቀበል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለናቁት ሰው እንኳ አይደረግም።

«ምን አልካት?»

«አልጠጣሁም። ምን ሆነሻል ብላት፣ ኮች ናት ያዘዘችኝ አለችኝ። ክረምቱን ሁሉ በግራ እጇ ትሠራ ዘንድ። በግራ ትጠርጋለች፣ በግራ ትጽፋለች። ካሳሁን፣ ልጄን እየለወጠችብኝ ነው።»

በሁለቱም እጅ ኳስ ቀለበት ውስጥ የማትከት ሴንተር ግማሽ ሴንተር ናት፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን የማውቀው የራሴን ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ ያየሁትንም አወጣሁለት። ያየሁት ክሩን ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃና አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ ከቀለበቱ ላይ ነጭ የጥጥ ክር አሰረች። ዓይናለም ተንደርድራ ዘለለች፤ ሃናም ክሩ የልጅቱ ጣት እስከ ደረሰበት ድረስ ወርዶ እንዲንጠለጠል አድርጋ ጫፉን ቆረጠችው። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ያህል ነበር። ከዚያ በየቅዳሜው ልጅቱ ትዘላለች፣ ሃና ወንበሩ ላይ ትወጣለች፣ ከክሩ ጫፍ ቅንጣት ትቆርጣለች። የቆረጠችውን አትጥልም። በትንሽ ጨርቅ ቋጥራ ከጡቷ ሥር ትሸጉጠዋለች።

እኔ ጋዜጣ የማነብ ሰው ነኝ፤ በመተት አላምንም። አላምንም ማለት ግን አልፈራም ማለት አይደለም። በእኛ በኩል አዋቂ ክታብ ሲጽፍ የሰውየውን ቁመት በክር ለክቶ ብራናውን በዚያው ልክ ይቆርጣል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። የሚጠብቅ ካለ የሚጎዳም አለ፤ የሰው ልክ በሌላ ሰው እጅ መግባቱ ደግ አይደለም ሲባል ነው ያደግነው። ያየሁትን ሁሉ ለጌጡ ነገርኩት፤ ጨርቁንም ቋጠሮውንም ሳልተው።

ጌጡ ጨርሶ ሰማኝና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ለካቻት?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የጌጡ እባብ ግን ልጁን ወስዶበታል፣ እኔም ያንን እያወቅሁ ነው ልጡን ያሳየሁት። መሰላል ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ክሩን አውርዶ ዘበኛ ቤቱ ውስጥ ከሰል ላይ አቃጠለው፤ አባታችን ሆይ እየደገመ። ከዚያ ተዝካር አለብኝ ብሎ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዶ ወደ እብናት ወረደ። የተመለሰው በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ይዞ ነው። ልጅቱን አንገትሽ ላይ እሰሪው ቢላት «ከማተቤ ሌላ አላስርም፤ ሜዳ ላይም አይፈቀድም» አለችው። እሱም ካሰበ በኋላ ክፉው በተንጠለጠለበት ቦታ ደጉ ይንጠልጠል ብሎ እንደገና መሰላሌን ወሰደ። ክታቡን ከቀለበቱ ላይ አሰረው። ማሰሪያው አጭር ስለነበረ ቆዳው ከድሮው ክር ጫፍ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ።

ነሐሴ 24 ቅዳሜ ነው። ጌጡ በዘበኛ ቤቱ በር፣ እኔ በመስኮቴ ሆነን እንጠብቃለን። ሃና ገባች፣ ቀና ብላ አየች፣ ቆመች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እኔ ላይ ነው፤ በግቢው ውስጥ መሰላል ያለው እኔ ዘንድ ብቻ መሆኑን ታውቃለች። አፏን ልትከፍት ስትል ዓይናለም ሮጣ መጣች።

«ኮች፣ ከፍ አደረግሽው!» አለች ልጅቱ። አዲስ ዒላማ መስሏታል። የአባቷን ክታብ ቤት ውስጥ ያየችው በወረቀት እንደተጠቀለለ ነበር።

ሃና መልስ ሳትሰጣት ዓይናለም ወደ ኋላ ሄዳ ተንደረደረች። በመጀመሪያው አልደረሰችም። በሁለተኛው ጣቷ ከቆዳው ሥር አለፈ። በሦስተኛው ግራ እግሯን ተክላ፣ ግራ እጇን ሰድዳ ተነሣች፤ ስትወርድ ክታቡ በእጇ ነበር። ማሰሪያው ተበጥሷል። ያኔ ነው ምን እንደያዘች ያወቀችው።

«አባ?» አለች ወደ ዘበኛ ቤቱ ዞራ።

ጌጡ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ መሰላሉ የኔ ነውና ተደብቄ መቅረት አልቻልኩም። ሃና አልጮኸችም። ጨርቁን ከጉያዋ አውጥታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ፈታችው። ስድስት የክር ቁራጮች፣ አንዳንዱ ከጥፍር የማይበልጥ።

«ክሩ ከቀለበቱ እስከ እጇ ያለው ክፍተት ነው» አለች። «ከፍ ብላ በዘለለች ቁጥር የሚተርፈውን ቆረጥኩት። ይቺ የሐምሌ 12 ናት። ይቺ የሐምሌ 19። ይቺ ትልቋ በግራ እግሯ መነሣት የቻለችበት ሳምንት ናት። ባሕር ዳር ላይ ከእሷ የተሻሉ ልጆች አሉ፤ ስታያቸው እንደገና አንገቷን ትሰብራለች። ያን ጊዜ አውጥቼ ላሳያት ነው ያስቀመጥኩት።»

ጌጡ ጎንበስ ብሎ ቁራጮቹን በጣቱ ጫፍ አንድ በአንድ አገጣጠማቸው፤ አንድ ስንዝር ሊሞሉ ጥቂት ቀራቸው። እኔ አፈርኩ። መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። ጌጡ ግን አላፈረም፤ የሱ ፊት ላይ ያየሁት ሌላ ነው፤ እንደዚያ ቀን ደክሞት አይቼው አላውቅም።

«ክር ቀርቶሻል?» አላት።

ከቦርሳዋ ጥቅሉን አውጥታ ሰጠችው።

«እዚያ በሩ ምሰሶ ላይ ተደግፈሽ ቁሚ።»

ሃና አየችው። ገባት መሰለኝ፤ ምክንያቱም ጫማዋን አውልቃ ነው የቆመችው፤ እርጥቡ መሬት ላይ በካልሲ። ጌጡ የክሩን አንድ ጫፍ ከጭንቅላቷ ላይ ያዘ፤ ሌላውን ተረከዟ ላይ እኔ ያዝኩለት። በልኳ ቆረጠው።

«ልጄን ይዘሽ ሂጂ» አላት። «ይህ እኔ ዘንድ ይቆያል።»

«ምን ያደርጉበታል ጋሼ?»

«ልጄ ከተመለሰች ምንም።»

ከካፖርቱ ፎርሙን አወጣ። ከሰባት ሳምንት በላይ ኪስ ውስጥ ከርሞ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። እነሱ ወደ ሜዳው ሲመለሱ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «የዚያችን ሴት ልክ አልወሰድኩም ካሳሁን» አለኝ። «እሷ ለክታ ሄደች። እኔ ጫፉን ያዝኩላት።»

ማክሰኞ በጠዋት በሚኒባስ ሄዱ። ዓርብ በስምንት ሰዓት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ሐሙሲት ላይ ጎርፍ መንገድ ዘግቷል የሚል ሰው አለፈ፤ ሌላው ደግሞ መንገዱ ሰላም ነው አለ። የሃና ስልክ አይመልስም። ጌጡ ዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ክሩን በጣቱ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። ጣቱ ደም አጥቶ እስኪነጣ ያጠብቀዋል። እኔ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚኒባሶች ክፋት አወራለሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ተናገረ። «እሳት ብለኩስበት ይሠራል?»

ጋዜጣ የማነበው ሰው አይሠራም ማለት ነበረብኝ። «አላውቅም» አልኩት። በእውነትም አላውቅም ነበር።

ክብሪት ከኪሱ አወጣ። አልጫረውም። ክሩንና ክብሪቱን ይዞ ብቻ ተቀመጠ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሁለት ጊዜ «እኔ ነኝ አባ» አለችው፤ ከዚያ ከፈተ። ዓይናለም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች፤ ከሐሙሲት ወዲህ ጎርፉን በእግር ተሻግረው ሌላ መኪና ይዘዋል። ትከሻዋን ዘርግታ ነበር የምትሄደው። ሃና ከኋላዋ እያነከሰች መጣች። ጌጡ አለፍሽ ወይ አላላትም። ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና «በልተሻል?» አላት።

«በልቻለሁ። አባ፣ ተመረጥኩ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ወደ ሃና ዘረጋ፤ ክሩ መዳፉ ላይ ነው። «እንኪ፣ ልክሽ» አላት።

ሃና አልተቀበለችውም። «ይያዙት ጋሼ። በመስከረም እንደገና የምወስዳት እኔው ነኝ። ለገና እመልሳታለሁ።»

«ለገና» አለ ጌጡ።

ዓይናለም ከቧንቧው ውሃ ቀድታ በግራ እጇ ለአባቷ አቀበለችው። ልማድ ሆኖባት ነው፤ ደንግጣ ልትቀይር ስትል ጌጡ ጣሳውን ተቀብሎ ጠጣ። ክብሪቱን ለእኔ ሰጠኝ። ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያላሳየኝን የማሬን ጉርድ ፎቶ አወጣና ክሩን ዙሪያውን ጠምጥሞበት መልሶ ከተተው።